ሁለቱ ቁጥሮች፦ ፍታሌት በዕቃ ውስጥ፣ ፍታሌት በሰው ገላ ውስጥ

እንደምን አረፈዳችሁ! የጤና ባለሙያዎች፣ የላቦራቶሪ ሰዎች፣ ከውጭ ዕቃ የምታስገቡ ነጋዴዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹንም ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ፍታሌት ነው፤ ፕላስቲክ የሚያለሰልሰው ኬሚካል። ስለ እሱ ሲወራ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመናል። አንዱ «ፕላስቲክ የተባለ ሁሉ መርዝ ነው» ይላል። ሌላው «የምርመራ ወረቀት አለው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይላል። ሁለቱም የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ቁጥሮችን ያምታታሉ። አንዱ ቁጥር 0.1 በመቶ ነው፤ ሕግ እንደ አሻንጉሊት ላለ ዕቃ ያወጣው ገደብ ሲሆን የሚለካው ዕቃው ውስጥ ነው። ሌላው በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 50 ማይክሮግራም ነው፤ የሚመለከተው ወደ ሰው ገላ የሚገባውን ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ስናስገባ ወይ በከንቱ እንደነግጣለን፣ ወይ በከንቱ እንዝናናለን።

በሦስት ነጥብ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነና ከየት እንደሚወጣ። ቀጥሎ ስጋቱ እንዴት እንደሚሰላ፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ። በመጨረሻ ሕጉና የምርመራ ወረቀቱ። ነርሶች አላችሁና የሆስፒታሉን ጉዳይ መሃል ላይ አስገባዋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንጀምር። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ የግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧውን አስቡት። ወለል ላይ የምናነጥፈው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ የጠረጴዛ ፕላስቲኩ፣ አትክልት የምናጠጣበት ጎማ፣ የግሉኮስ ከረጢቱና ቱቦውም ከዚያው ከፒቪሲ ሊሠሩ ይችላሉ። ታዲያ ምን አለሰለሳቸው? ማለስለሻው ነው! ያውም ጥቂት አይደለም። የተለመደው የደም ከረጢት ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ዲኢኤችፒ የተባለው ፍታሌት ነው።

ፍታሌት የሚሠራው ፍታሊክ አንሃይድራይድን ከአልኮል ጋር በማዋሐድ ነው። አልኮሉ ሲቀየር ስሙም ጠባዩም ይቀየራል። ከቡታኖል ዲቢፒ ይወጣል፤ ከ2-ኤቲልሄክሳኖል ዲኢኤችፒ፤ ከኢሶኖናኖል ዲአይኤንፒ። ይህን የምለው ላሰለቻችሁ አይደለም። የጉዳቱ ቁልፍ እዚህ ስላለ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደው የካርቦን ሰንሰለት ከ3 እስከ 6 ሲሆን የወንድ ሆርሞንን የመጫን ኃይሉ ይበረታል። በጣም ሲያጥር፣ ለምሳሌ ሽቶ ውስጥ የሚገባው ዲኢቲል ፍታሌት፣ ወይም በጣም ሲረዝም፣ ለምሳሌ ዲአይዲፒ፣ ያ ኃይል አይታይም። ስለዚህ «ፍታሌት» ብሎ በጅምላ መፍረድ አይቻልም። የትኛው ፍታሌት? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ማለስለሻው ከፒቪሲው ጋር በኬሚካል አልተሳሰረም። ቅቤ የተቀባ ፀጉርን አስቡ። ቅቤው ፀጉሩ ላይ አለ እንጂ ፀጉሩን አልሆነም፤ ፀሐይ ሲመታው በአንገት ይወርዳል፣ ነጠላውን ይነካል። ፍታሌትም እንዲሁ ይወጣል። የሚያስወጡት ሙቀት፣ ቅባት፣ አልኮልና ጊዜ ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አያወጣውም፤ ትኩስ ዘይት ግን ያወጣዋል።

ጃፓን የሆነውን ልንገራችሁ። ተመራማሪዎች የታሸገ የምሳ ምግብ ሲመረምሩ ከፍተኛ ዲኢኤችፒ አገኙ። ከየት መጣ? ከማሸጊያው? አይደለም። ምግቡን የሚያዘጋጁት ሠራተኞች ከሚያጠልቁት የፒቪሲ ጓንት! ጓንቱን ለንጽሕና ብለው አልኮል ይረጩበት ነበር፤ አልኮሉ ደግሞ ማለስለሻውን እያወጣ ወደ ምግቡ አሻገረው። በ2000 የጃፓን ጤና ሚኒስቴር በዲኢኤችፒ የለሰለሰ ጓንት ለምግብ ሥራ እንዳይውል አዘዘ፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ልኬት በምግቡ ውስጥ ያለው መጠን ወረደ። ልብ በሉ፤ አልኮል የሚረጨው ሠራተኛ ንጽሕና እየጠበቀ ነበር። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ የምትገዙት ጓንት ከምን እንደተሠራ ሳጥኑ ላይ አንብቡ። ናይትራይል ወይም ፖሊኤቲሊን ከሆነ ይህ ችግር የለበትም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው። ቢጫው ጀሪካን ፍታሌት አለበት? ጀሪካን ፖሊኤቲሊን ነው፤ ለመሠራት ማለስለሻ አይፈልግም። ፌስታል? እሱም ፖሊኤቲሊን ነው። ሃይላንድ? የውሃ ጠርሙሱ ፔት፣ በሙሉ ስሙ ፖሊኤቲሊን ቴሬፍታሌት ነው። ስሙ ውስጥ «ቴሬፍታሌት» የሚል ስላለ ሰው ይደነግጣል፤ የሞለኪውሉ አቀማመጥ ግን ሌላ ነው፣ የፖሊመሩም የራሱ አካል ነው እንጂ የተጨመረ ማለስለሻ አይደለም። ትኩስ ወጥ በፌስታል ማሰር ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የፍታሌት ጥያቄ ግን የለስላሳ ፒቪሲ ጥያቄ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ጀሪካኑን ጥሎ የጠረጴዛ ፕላስቲኩን ሕፃን እንዲያኝከው ይተወዋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ። ስጋት እንዴት ይሰላል?

መጀመሪያ ጉዳቱ ይታወቅ። እርጉዝ አይጥ ዲኢኤችፒ ወይም ዲቢፒ ስትወስድ የወንዱ ፅንስ ዘር ፍሬ የሚያመነጨው ቴስቶስቴሮን ይቀንሳል። ውጤቱ በልጁ አካል ላይ ይታያል፦ የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ አለመውረድ፣ የሽንት ቀዳዳ ከቦታው ውጭ መሆን፣ በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለው ርቀት ማጠር። ጊዜው ወሳኝ ነው። በአይጥ ከእርግዝናው 15ኛ ቀን እስከ 18ኛው ቀን ገደማ ነው። በሰው ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት እንደሚሆን ይገመታል። ብዙ እናት የእርግዝና ክትትል ገና ያልጀመረችበት ጊዜ ነው!

ጉበትስ? አይጦች ላይ ዲኢኤችፒ የጉበት ዕጢ ያመጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1982 «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» ከሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስገባው፤ በ2000 የአይጡ ሂደት ሰው ላይ አይሠራም ብሎ ወደ ምድብ 3 አወረደው፤ በኋላ ደግሞ ሌሎች መንገዶችም እንዳሉ አይቶ ወደ 2ቢ መለሰው። ዛሬ ግን የደኅንነት ቁጥሩን የሚወስነው በአብዛኛው ካንሰሩ አይደለም፤ የወንድ ፅንሱ ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይወጣል? ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። አይጦች ለተከታታይ ትውልዶች የተለያየ መጠን ዲኢኤችፒ ተሰጣቸው። በኪሎ በቀን 4.8 ሚሊግራም ሲሆን ጉዳት አልታየም፤ ከዚያ ባለፈው መጠን የዘር ፍሬ ላይ ጉዳት ታየ። እንግዲህ 4.8ን ይዘን እንነሣለን። ሰው ከአይጥ ይልቅ ስሱ ሊሆን ስለሚችል ለ10 እናካፍላለን። ሰውም ከሰው ስለሚለያይ እንደገና ለ10 እናካፍላለን። 4.8 ለ100 ሲካፈል 0.048 ነው፤ ሲጠጋጋ 0.05 ሚሊግራም፣ ማለትም 50 ማይክሮግራም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2005 ያወጣው በቀን የሚታገሥ መጠን ይህ ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በቀን 3 ሚሊግራም ማለት ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ግማሽ ሚሊግራም።

የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቁጥር ግን 20 ማይክሮግራም ነው። ለምን ተለያየ? የተነሣው ከሌላ ጥናት ነው። በ1953 በታተመ የጊኒ ፒግ ጥናት በኪሎ 19 ሚሊግራም የጉበት ክብደት ጨምሮ ነበር፤ እሱን ለ1,000 አካፈሉት። ሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነው። መነሻው ተለየ፣ ማካፈያው ተለየ። ስለዚህ አንድ ሰው «ገደቡ ይህን ያህል ነው» ሲላችሁ ከየትኛው ጥናት ተነሥቶ፣ ለስንት ተካፍሎ ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ነገር። ማንም ሰው አንድ ፍታሌት ብቻ አይወስድም። ዲኢኤችፒ፣ ዲቢፒ፣ ቢቢፒና ዲአይኤንፒ አንድ ላይ ይገባሉ፤ ሁሉም የሚጎዱት ያንኑ ቴስቶስቴሮን ነው። እያንዳንዱ ከገደቡ በታች ሆኖ ድምሩ ቢያልፍስ? ለዚህ የአውሮፓው ባለሥልጣን በ2019 ለአራቱ የጋራ ገደብ አወጣ፦ በኪሎ 50 ማይክሮግራም፣ ሁሉም ወደ ዲኢኤችፒ አቻ ተቀይረው። ማባዣዎቹ ለዲኢኤችፒ 1፣ ለዲቢፒ 5፣ ለቢቢፒ 0.1፣ ለዲአይኤንፒ 0.3 ናቸው።

ለማሳያ ያህል እንሥራው። አንዲት ሴት በቀን በኪሎ 3 ማይክሮግራም ዲኢኤችፒ፣ 1 ዲቢፒ፣ 2 ቢቢፒ፣ 4 ዲአይኤንፒ ወሰደች እንበል። ዲኢኤችፒው 3 ነው። ዲቢፒው 1 ሲባዛ በ5፣ 5 ነው። ቢቢፒው 0.2፣ ዲአይኤንፒው 1.2። ድምሩ 9.4፤ ከ50 ወደ 19 በመቶ ነው። አያችሁ? በመጠን ትንሹ ዲቢፒ ነበር፤ በክብደት ግን ትልቁ እሱ ሆነ። የትኛው ፍታሌት? ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በአውሮፓ ከምግብ የሚገባው ሲሰላ ብዙ የሚወስዱት ሰዎች እንኳ እስከ 11.7 ማይክሮግራም ደርሰው ነበር፤ ከገደቡ ሩብ ያህል። ይህ የሚያዝናና ነው? በከፊል። የተሰላው የምግቡ ነዋ! ከአቧራ፣ ከመዋቢያና ከሕክምና የሚገባው አልተደመረበትም፤ ባለሥልጣኑም ራሱ ገደቡን ጊዜያዊ ነው ብሎታል።

ሰው ስንት እንደወሰደ በምን ይታወቃል? በሽንት። ፍታሌት ሰውነት ውስጥ በሰዓታት ውስጥ ተሰባብሮ ይወጣል፤ የዛሬ ሽንት የትናንትንና የዛሬን ይነግራል እንጂ ያለፈውን ወር አይነግርም። የላቦራቶሪ ሰዎች፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ዲኢኤችፒን ራሱን አትለኩ። ፍታሌት በላቦራቶሪው አየር፣ በጓንቱ፣ በቱቦው፣ በሟሟው ሁሉ አለ፤ የራሳችሁን ክፍል ለክታችሁ የታካሚው ነው ትላላችሁ። የሚለካው ጉበት ኦክሲጅን ጨምሮበት የሚያወጣው ስባሪ ነው፤ እሱ ከውጭ ሊገባ አይችልም። ያለ ናሙና የሚሄድ ባዶ ልኬት በእያንዳንዱ ዙር ይኑር፤ ባዶው ፍታሌት ካሳየ የዚያ ዙር ውጤት አይታመንም።

ወደ ሆስፒታሉ ልግባ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 ማሳሰቢያ አወጣ። በተለይ ያሳሰቡት ወንድ ጨቅላዎች፣ ወንድ ፅንስ የያዙ እናቶችና ለአቅመ አዳም እየደረሱ ያሉ ወንዶች ናቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደም፣ የደም ሥር ምግብና የመተንፈሻ ቱቦ በአንድ ጊዜ ሲደረግለት በኪሎ የሚደርሰው መጠን ከአዋቂ ጋር አይወዳደርም። ያው ማሳሰቢያ ግን በግልጽ ያለው አለ፦ አስፈላጊውን ሕክምና አለማድረግ ከዲኢኤችፒው ይልቅ እጅግ አደገኛ ነው። እህቶቼ ነርሶች፣ ይህን ሰምቶ ቱቦ የሚነቅል እንዳይኖር!

የሚቻለው ምንድን ነው? ለጨቅላ የሚሰጥ ደም በተቻለ መጠን አዲስ የተቀዳና በቅዝቃዜ የተቀመጠ ይሁን፤ በቆየ ቁጥር ከከረጢቱ ብዙ ይወጣበታል። የአፍንጫ መመገቢያ ቱቦ ለቀናት የሚቆይ ከሆነ ሲሊኮን ወይም ፖሊዩሬቴን ይመረጣል። ቅባት ያለው የደም ሥር ምግብ በፒቪሲ ከረጢት አይቀመጥ፤ ኢቪኤ የሚባል ከረጢት አለ። የካንሰር ክፍል ያላችሁ፣ ፓክሊታክሰል የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚሟሟበት ፈሳሽ ዲኢኤችፒን ከፒቪሲ ያወጣል። ስለዚህ በብርጭቆ ጠርሙስ ወይም በፖሊኦሌፊን ከረጢት ይዘጋጃል፣ ፖሊኤቲሊን በተለበጠ ቱቦ ይሰጣል።

የደም ከረጢቱ ግን ለብቻው ነው። ዲኢኤችፒ የቀይ ደም ሕዋስን ሽፋን ያጠነክራል፤ ደም 42 ቀን ድረስ እንዲቆይ የረዳውም እሱ ነው። በሌላ ማለስለሻ ሲተካ ሕዋሱ ቶሎ ይፈርሳል፤ የማቆያ ፈሳሹም አብሮ መቀየር አለበት። ደም በሚያንስበት አገር ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ፈረንሳይ ከ2015 ጀምሮ ዲኢኤችፒ ያለበትን ቱቦ ከሕፃናት፣ ከጨቅላና ከወሊድ ክፍሎች አግዳለች፤ ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችው ሕግ የግሉኮስ ከረጢቱን ከ2030፣ ቱቦውን ከ2035 ጀምሮ ታግዳለች። መጀመሪያ ቱቦ፣ ወይም መጀመሪያ የግሉኮስ ከረጢት፤ የደም ከረጢት መጀመሪያ ያለ ግን የለም። በእኔ ግምት ልክ ናቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ሕጉ ነው። ያ 0.1 በመቶ ከየት መጣ? ከአይጥ ሒሳብ አይደለም። ፒቪሲን በ0.1 በመቶ ማለስለስ አይቻልም፤ ለመለስለስ አሥርና ከዚያ በላይ በመቶ ያስፈልጋል። ስለዚህ 0.1 በመቶ «ሆን ተብሎ ገብቷል ወይስ ሳይታሰብ ነክቶታል?» የሚለውን የሚለይ መስመር ነው። 0.09 ያለበት አሻንጉሊትና 0.11 ያለበት ለልጁ ጤና ልዩነት የላቸውም። 30 በመቶ ያለበት ግን ከመስመሩ 300 እጥፍ ነው።

የምግብ ዕቃው ደንብ ግን ከሆድ ተነሥቶ የተሰላ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚገናኙትም እዚህ ነው። ቅድም 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 3 ሚሊግራም ብለናል። አውሮፓ የዚያን 20 በመቶ ብቻ ለማሸጊያ ሰጠች፤ ቀሪው ለሌላው ምንጭ ይተው ብላ። 0.6 ሚሊግራም ወጣ። ሰው በቀን 1 ኪሎ የታሸገ ምግብ ይበላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በ2023ቱ ማሻሻያ ዲኢኤችፒ ከማሸጊያ ወደ ምግብ እንዲገባ የተፈቀደው በኪሎ ምግብ 0.6 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በፊት 1.5 ነበር፤ ያኔ ለማሸጊያ የተሰጠው ግማሹ ነበርና።

ሕግና ሒሳብ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የአሜሪካውን ታሪክ እዩት። በ1998 የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የሕፃናት ማኘኪያ ሠሪዎች ፍታሌቱን በፈቃዳቸው እንዲያስወጡ ጠየቀ፤ አብዛኞቹ እሺ አሉ። ከዚያ ሕፃናት በቀን ስንት ደቂቃ አሻንጉሊት አፋቸው እንደሚያስገቡ ሰዎች ተቀምጠው ቆጠሩ፤ ከተገመተው አነሰ። በ2003 ኮሚሽኑ «አይታገድም» አለ። በ2008 ግን የአገሪቱ ምክር ቤት በሕግ አገደ! ሦስት ፍታሌቶችን ለዘለቄታው፣ ሌሎች ሦስቱን አጥኚ ቡድን እስኪመክር በጊዜያዊነት። ቡድኑ በ2014 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ድምሩን አስልቶ፣ ከእርጉዝ ሴቶች እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ከገደብ ማለፋቸውን አሳየ፤ ያየው በ2005 እና 2006 የተሰበሰበ ሽንት ነበር። በአዲሱ ልኬት የሚያልፉት በጣም አንሰው ተገኙ። በ2017 የወጣው ደንብ ስምንት ፍታሌቶችን አገደ፤ ጊዜያዊ እገዳ ላይ የነበሩትን ዲአይዲፒንና ዲኤንኦፒን ለቀቀ። ሰንሰለቱ የረዘመውን አስታወሳችሁ? በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ወጪውን አላመዛዘነም ብሎ መለሰበት፤ ደንቡን ግን አልሻረም። ሳይንሱ ያው፣ ጥያቄው ግን በየጊዜው ሌላ።

ሕግ የማይደርስበትም አለ። ታይዋን በ2011 የሆነውን ስሙ። አንድ መርማሪ የሆድ ጤና ዱቄት ውስጥ ሕገ ወጥ መድኃኒት ሲፈልግ የማያውቀው ምልክት መሣሪያው ላይ ወጣ። ሊያልፈው ይችል ነበር፤ አላለፈውም። ዲኢኤችፒ ሆኖ ተገኘ! ጭማቂን የሚያደፈርሰው ቅመም በፓልም ዘይት መሠራት ሲገባው፣ አምራቾች በርካሹ ማለስለሻ ተክተውታል፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ጭማቂ፣ ማርማላታ ሁሉ ተበክሎ ከመደርደሪያ ወረደ። እዚህ ከማሸጊያ ወደ ምግብ የሚገባው ልኬት ምንም አይረዳም፤ ሆን ተብሎ የተቀላቀለ ነዋ።

አሁን ነጋዴዎች፣ ወረቀቱን አውጡ። የምርመራ ወረቀት ስትቀበሉ አራት ነገር እዩ። የተመረመረው ፍታሌት በስም ተዘርዝሯል? «ፍታሌት፦ አልፏል» ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። የተመረመረው ክፍል የትኛው ነው? የአሻንጉሊቱ ፊት ለስላሳ ፒቪሲ፣ አካሉ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ አንድ ላይ ተፈጭቶ መለካት የለበትም። ፊቱ 200 ግራም ከሚመዝን አሻንጉሊት 10 ግራም ብቻ ቢሆንና 1 በመቶ ቢኖርበት፣ ሲቀላቀል 0.05 በመቶ ሆኖ ያልፋል። ገደቡ ግን የሚሠራው ለለሰለሰው ክፍል ለብቻው ነው።

ሦስተኛ፣ ለየትኛው አገር ነው? አሜሪካ እያንዳንዱን ፍታሌት ለብቻ ትመዝናለች። አውሮፓ ግን ዲኢኤችፒን፣ ዲቢፒን፣ ቢቢፒንና ዲአይቢፒን ትደምራለች። ዲኢኤችፒ 0.06፣ ዲአይቢፒ 0.06 የሆነ ዕቃ አሜሪካ ይገባል፤ አውሮፓ 0.12 ተብሎ ይመለሳል። ለአሜሪካ የተሠራን ወረቀት ለአውሮፓ ገዢ አታቅርቡ።

አራተኛ፣ ዘዴው ምንድን ነው? ትክክለኛው አሠራር ቢያንስ 0.05 ግራም ናሙናን በ5 ሚሊሊትር ቴትራሃይድሮፉራን ማሟሟት፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ መናጥ፣ 10 ሚሊሊትር ሄክሴን ጨምሮ ፒቪሲውን ማዝቀጥ፣ ማጥለልና በጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ማየት ነው። ብዙዎቹ ፍታሌቶች መሣሪያው ላይ 149 በሚባለው የክብደት ምልክት ይታያሉ፤ ይህን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ግን ይሳሳታል። ዲአይኤንፒ የብዙ ተመሳሳይ ሞለኪውሎች ድብልቅ ስለሆነ አንድ ሹል ጫፍ አይሠራም፤ ሰፊ ጉብታ ነው የሚሠራው። ጉብታው ሌላውን ይሸፍናል፤ ዲአይኤንፒ በ293፣ ዲአይዲፒ በ307 ተለይተው መነበብ አለባቸው።

አንድ ጥያቄ ለአቅራቢያችሁ ጨምሩ፦ «ፍታሌት የለውም» የሚል ዕቃ በምን ለሰለሰ? ዲአይኤንሲኤች፣ ዲኢኤችቲ ወይም ሲትሬት ብሎ በስም የሚመልስ አቅራቢ ዕቃውን ያውቃል። «ምንም የለበትም» የሚል ከሆነና ዕቃው ፒቪሲ ሆኖ ከለሰለሰ፣ ናሙና ሳታስመረምሩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከእኔ በኩል ይሄው ነው። አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከነርሶቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።